ከሮትሺልድ እስከ ማሃሪሺ፦ ባለቤት የተፈራረቀበት የእንግሊዝ ገጠር ቤት

እስራኤል ውስጥ ሮትሺልድ የሚለውን ስም ያልሰማ ሰው የለም። ከቴል አቪቭ ዋና ዋና ጎዳናዎች አንዱ በዚህ ስም ይጠራል። ሪሾን ለጺዮንና ዚክሮን ያዕቆብም ከዚህ ቤተሰብ ኪስ በወጣ ገንዘብ ነው እግር ያወጡት። እዚህ አገር "ሃናዲቭ"፣ ለጋሱ፣ ተብሎ የሚታወቀው ግን የፓሪሱ ባሮን ኤድሞንድ ነው። እንግሊዝ አገር የነበሩት ዘመዶቹ በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ይገነቡ ነበር፤ ከለንደን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በኪንግሃምሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ቤት በቤት ላይ ይሠሩ ነበር። ከነዚያ ቤቶች አንዱ ሜንትሞር ይባላል። ዛሬ ሰው አይኖርበትም። ታሪኩ ግን ከለንደን ተነስቶ፣ አምኑም አትመኑም፣ ራምላ ድረስ ይመጣል።

ቤቱን ያሠራው ባሮን ማየር ደ ሮትሺልድ ነው። አባቱ ናታን ከፍራንክፈርት ወደ እንግሊዝ መጥቶ የለንደኑን ባንክ ያቋቋመ ሰው ሲሆን ማየር የመጨረሻ ወንድ ልጁ ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ አይሁዳውያን ገንዘብ ቢኖራቸውም ሙሉ መብት አልነበራቸውም። የማየር ታላቅ ወንድም ላዮነል እ.ኤ.አ. በ1847 ለፓርላማ ተመርጦ፣ የክርስቲያን ቃለ መሐላ አልፈጽምም በማለቱ እስከ 1858 ድረስ ወንበሩ ላይ እንዳይቀመጥ ተደርጓል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማለት ነው! እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ክብር የሚለካው በመሬት ነበር። መሬትና ትልቅ ቤት ያለው ጌታ ነው፣ የሌለው ነጋዴ ነው። ወንድማማቾቹ በአንድ አካባቢ ተሰባስበው ርስት የገዙት ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ማየር በ1850 የሜንትሞርን ርስት ገዛ። ንድፉን እንዲሠሩለት የጠራው ጆሴፍ ፓክስተንንና አማቹን ጆርጅ ስቶክስን ነው። ፓክስተን በ1851 ለንደን ላይ ለታላቁ የዓለም ትርዒት የተሠራውን "ክሪስታል ፓላስ" የተባለ የመስታወት አዳራሽ የነደፈ ሰው ነው፤ ሜንትሞርም ላይ መስታወት አልቆጠበም። በቤቱ መሐል ያለው ትልቁ አዳራሽ ጣሪያው መስታወት ነው፤ ብርሃን ከላይ ይወርድበታል። ከውጭ ሲያዩት ማዕዘኖቹ ላይ ማማ ያለው የጥንት ቤተ መንግሥት ይመስላል። ውስጡ ግን የዘመኑ አዲስ ነገር ሁሉ ነበረበት፦ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ ማሞቂያ፣ የሞቀ ውሃ፣ አየር ማናፈሻ። ብዙ የእንግሊዝ መኳንንት በየቤታቸው በብርድ በሚንቀጠቀጡበት ጊዜ የባንክ ባለቤቱ እንግዶች ሞቋቸው ይተኙ ነበር።

ዕቃውን ዘርዝሮ የሚጨርስ የለም። የፈረንሳይ ነገሥታት ዘመን ወንበርና ጠረጴዛ፣ የሴቭር ሸክላ፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጥልፍ፣ ከቬኒስ መሪ መርከብ ላይ የወረዱ ናቸው የሚባሉ በወርቅ የተለበጡ ትልልቅ ፋኖሶች ነበሩበት። የሠዓሊው ሩበንስ ቤት ምድጃ ነው የሚባል የእሳት ምድጃም ነበረ። ማየር ግን ከሁሉ የሚወደው ፈረስ ነበር። 1871 "የባሮኑ ዓመት" ተብሎ ቀርቷል፤ በዚያ ዓመት ፋቮኒየስ የተባለው ፈረሱ ታላቁን የደርቢ ውድድር ሲያሸንፍ፣ ሐና የተባለችው ፈረሱ ደግሞ ሌሎች ሦስት ትልልቅ ውድድሮችን ጠቀለለች። ፈረሷ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ልጁ ነው።

ሐና ደ ሮትሺልድ

ሐና ለወላጆቿ ብቸኛ ልጅ ነበረች። የቤቱ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል የአምስት ወር ሕፃን ሳለች በእጇ አስነክተዋት እንደተጣለ ይነገራል። አባቷ በ1874፣ እናቷ በ1877 ሲሞቱ ቤቱም ርስቱም ገንዘቡም የእርሷ ሆነ። በእንግሊዝ ካሉ ሀብታም ሴቶች መካከል ከፊተኞቹ ተርታ ተቀመጠች። ዕድሜዋ ገና 25 ነበር።

በ1878 ሎርድ ሮዝበሪን አገባች። ስኮትላንዳዊ መኳንንት ነው፣ ክርስቲያን ነው። በወጣትነቱ ሦስት ነገር እመኛለሁ ብሎ ነበር ተብሎ ይወራበታል፦ ሀብታም ሴት ማግባት፣ ደርቢን ማሸነፍ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን። አለም አላለም ሦስቱንም አግኝቷል። በሰርጉ ላይ የዙፋኑ ወራሽ ልዑል ተገኝቷል። አባት በሌለበት ሙሽራዋን ይዞ ያስረከባት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ ነው፤ እርሱ ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ በልጅነቱ የተጠመቀ ሰው። የሮትሺልድ ወንዶች ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ቀሩ። የለንደን አይሁዳውያን ጋዜጣም በጋብቻው ማዘኑን ጻፈ። ያ ሁሉ ወርቅ በነበረበት ሰርግ ላይ የአጎት ልጆች ወንበር ባዶ ሆኖ ዋለ።

ሐና ሃይማኖቷን አልለወጠችም። ዓርብ ማታ የሻባት ሻማ ታበራ ነበር፤ የኪፑርን፣ ማለትም የአስተሰርዮን ጾም ትጾም ነበር። አራቱ ልጆቿ ግን ያደጉት በአባታቸው ሃይማኖት ነው። በ1890 በታይፎይድ ታማ ስኮትላንድ ውስጥ አረፈች፤ 39 ዓመቷ ነበር። ያኔ ወገኖቿ መጥተው ወሰዷት፤ ለንደን ዊልስደን በሚገኘው የአይሁድ መቃብር ተቀበረች። ባሏ ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፍ፣ ከሞቷ ቀጥሎ የከበደው በመጨረሻው ሰዓት የሃይማኖት ልዩነት መካከላቸው መግባቱ እንደሆነ፣ ሆኖም እንደማያማርር ገልጿል። አራት ዓመት ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በሥልጣን ላይ ሳለም ፈረሶቹ ደርቢን በ1894 እና በ1895 አሸነፉለት። ቅርብ የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት ከእርሷ በኋላ ልቡ አልተጠገነም።

ከሜንትሞር እስከ ራምላ

የሐና ታናሽ ልጅ ኒል ፕሪምሮዝ ይባላል። የፓርላማ አባል ነበር፣ በመንግሥትም ሥልጣን ይዞ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከአውራጃው ፈረሰኛ ጦር ጋር ዘመተ፤ ይህ ጦር በኪንግሃምሻየር ያሉ የትልልቅ ቤት ልጆች የሚገቡበት ነበር። በኅዳር 1917 ጦሩ ከጋዛ ወደ ሰሜን እየገፋ በዛሬዋ ገዴራ አጠገብ ኤል ሙጋር ላይ በፈረስ ሰይፍ መዞ ቱርኮችን አጠቃ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 15፣ በጌዜር አካባቢ በተደረገው ጥቃት ኒል ወታደሮቹን እየመራ ሳለ ቆስሎ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። የባልፎር ደብዳቤ ለሎርድ ሮትሺልድ ከተጻፈ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

መቃብሩ ራምላ በሚገኘው የእንግሊዝ ወታደሮች መቃብር ውስጥ ነው። በዚያው ዘመቻ ኤል ሙጋር ላይ የቆሰለው የእናቱ ዘመድ ኤቭሊን ደ ሮትሺልድም በቀናት ውስጥ ሞተ፤ እርሱ የተቀበረው ሪሾን ለጺዮን፣ በአይሁድ መቃብር ነው። ሁለቱ ያደጉት በጎረቤት ቤቶች፣ በአንድ መስክ እየጋለቡ ነው። አሁን በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ተራርቀው፣ አንዱ በዚያ አንዱ በዚህ ተኝተዋል። በሃላካ ከሄድን ልጅ እናቱን ይከተላል፤ ኒልም አይሁዳዊ ነበር ማለት ነው። በእኛ ማኅበረሰብ "እናትህ ማን ናት? የት ተቀበረች?" የሚለው ጥያቄ ስንቱን ቤተሰብ ለሁለት እንደከፈለ የምታውቁ፣ ይህን ታሪክ ለምን ወደ ራምላ እንዳመጣሁት ይገባችኋል። ራምላና ሪሾን የምትኖሩም ሁለቱን መቃብሮች በአንድ ቀን አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ሜንትሞርን የወረሰው የኒል ታላቅ ወንድም ሃሪ ነው። ስድስተኛው ሎርድ ሮዝበሪ ሆነና እርሱም በፈረሶቹ ደርቢን በ1939 እና በ1944 አሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ለንደንን ሲደበድብ የአገሪቱ የቁም ሥዕሎች ቤተ መዘክር ሥዕሎቹን፣ ቤተ መንግሥቱም ነገሥታቱ ዘውድ ሲጭኑ የሚቀመጡበትን የወርቅ ሠረገላ ሜንትሞር ውስጥ ደበቁ። መንግሥት ቤቱን አምኖ ሀብቱን አስቀመጠበት። ይህን ያዙልኝ።

ሃሪ በ1974 ሞተ። በእንግሊዝ ሕግ ትልቅ ሀብት የወረሰ ሰው ለመንግሥት ከባድ ግብር ይከፍላል፤ ወራሹ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ለመንግሥት አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ቤቱን ከነሙሉ ዕቃው በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ውሰዱት፣ ሙዚየም አድርጉት። ገንዘቡ አልጠፋም። በ1946 በጦርነቱ ለሞቱት መታሰቢያ እንዲሆን፣ እንዲህ ዓይነት ቦታዎችን ለሕዝብ ለመግዛት 50 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦ ነበር። ነገር ግን በ1957 የገንዘብ ሚኒስቴር 10 ሚሊዮኑን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መልሶ ወስዶታል። በቀረውም ቢሆን ሜንትሞር ይገዛ ነበር። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ጮኹ፣ ጋዜጦች ጻፉ። የካላሃን መንግሥት ግን አገሩ በኢኮኖሚ ችግር ላይ ነው፣ ለሀብታም ቤት የሚወጣ ገንዘብ የለንም ብሎ እንቢ አለ።

በግንቦት 1977 ሶዝቢስ የተባለው የሐራጅ ድርጅት ሜንትሞር ውስጥ ድንኳን ተክሎ ዕቃውን መሸጥ ጀመረ። ሐራጁ ቀናት ፈጀ። ከአሜሪካም ከአውሮፓም ገዢ ጎረፈ። ማየር ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው እየተጠራ፣ ዋጋ እየተጮኸበት፣ መዶሻ እየተመታበት ወጣ። የተገኘው ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። መንግሥት ቤቱንም ዕቃውንም በአንድነት በሁለት ሚሊዮን ማግኘት ይችል እንደነበር አትርሱ።

ከሁሉ የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳዝነው፣ የአንድ ሥዕል ነገር ነው። በሐራጁ ዝርዝር ላይ የሌላ ሠዓሊ ሥራ ተብሎ ተመዝግቦ በ8,000 ፓውንድ ተሸጠ። የገዛው ሰው ዴቪድ ካሪት የተባለ ዓይነ ስል ነጋዴ ነበር፤ የታላቁ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የፍራጎናር ሥራ መሆኑን አውቆታል። በዓመቱ የለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ያንኑ ሥዕል ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ገዛው። በዚያው በ1978 ባዶው ቤት የተሸጠው በ240,000 ፓውንድ ነው። አንድ ሸራ ከሙሉ ቤቱ በለጠ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውርደት በኋላ በ1980 መንግሥት እንዲህ ዓይነት ቅርሶችን የሚያድን ብሔራዊ የመታሰቢያ ፈንድ አቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቤቱን የገዛው የማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ንቅናቄ ነው፤ ቢትልሶች በ1968 ሕንድ ድረስ ሄደው የተማሩበት የተመስጦ መምህር። ሐና ሻማ ታበራበት በነበረው ቤት ተከታዮቹ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ተመስጦ ያደርጉ፣ "በረራ" የሚሉትን ዝላይም ይለማመዱ ጀመር። ከዚያው ቤት ሆኖ የሚመራ የፖለቲካ ፓርቲም ነበራቸው፤ በ1992 ምርጫ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጩዎች አቅርቦ አንድም አልተመረጠለትም። ሳቅ እንዳለ ሆኖ፣ በዚያ ጊዜ ቢያንስ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ። የፊልም ሰዎችም ይመጡ ነበር፤ የስታንሊ ኩብሪክ የመጨረሻ ፊልም በከፊል እዚያ ተቀርጿል። በ2005 በወጣው "ባትማን ቢጊንስ" ላይ የጀግናው ቤተሰብ ቤት ሆኖ የሚታየውም ሜንትሞር ነው። ፊልሙን ያያችሁ ቤቱን አይታችሁታል።

በ1999 ሳይመን ሃላቢ የተባለ ባለ ሕንፃ ነጋዴ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ትልቅ የቅንጦት ሆቴል ሊያደርገው አሰበ። በፈቃዱ ላይ የፍርድ ቤት ክርክር ተነሳ፤ ክርክሩ ሳይበርድ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ በ2010 ሰውየው መክሰሩ ታወጀ። ሆቴሉ ሳይሠራ ቀረ።

ከሜንትሞር ብዙ ሳይርቅ ሌላው የሮትሺልድ ቤት ዋድስደን አለ። እርሱን በ1922 የወረሰው ጄምስ ደ ሮትሺልድ ነው፤ የ"ሃናዲቭ" የኤድሞንድ ልጅ። ጄምስና ሚስቱ ዶሮቲ በ1939 ወደ 30 የሚጠጉ አይሁዳውያን ልጆችን ከፍራንክፈርት አምጥተው በመንደሩ አኖሩ። ጄምስ በ1957 ሲሞት ቤቱን ከነዕቃው ለቅርስ ጠባቂው ማኅበር፣ ለናሽናል ትረስት ተናዘዘ። በዚያው ዓመት ለቤን ጉሪዮን በጻፈው ደብዳቤ ለክኔሴት ሕንፃ ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ ሰጠ። ኢየሩሳሌም ያለው ክኔሴት የተሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ዶሮቲ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሕንፃ አሠራች። ዋድስደንን ዛሬ ማንም ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ወንበሩም ሥዕሉም ባለቤቶቹ እንደተዉት አለ።

ሜንትሞር በእንግሊዝ የቅርስ ምዝገባ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። ማየር ለሠራተኞቹ ያሠራቸው የመንደሩ ቤቶች ግን ሰው አላቸው።