ታጣፊ ምላጭ በአገጭና በአንገት ላይ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ፂሙን የሚላጭ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ጉንጩ ላይ አይደለም። ደም የሚታየው ከአገጭ ሥር፣ ከአፍንጫ በታችና በማንቁርት ዙሪያ ነው። በተለይም እጀታው እየታጠፈ ስለቱን በሚሸፍነው ነባሩ ምላጭ የሚገለገሉ ሰዎች ይህንን በሚገባ ያውቁታል።

በእንግሊዟ ሼፊልድና በጀርመኗ ዞሊንገን ከተሞች ለረዥም ዘመን ሲመረት የኖረው ይህ ምላጭ፣ አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ስስ ምላጭ እየተቀያየረ ለሚገጠምለት መላጫ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ ከአብዛኛው መኖሪያ ቤት እየወጣ ሄዷል። ከፀጉር አስተካካዮች እጅ ግን አልወጣም። በኢትዮጵያ ፀጉር ቤቶች የሚሠራበት፣ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ የሚገባበት መያዣም አያያዙ ከነባሩ የተለየ አይደለም።

የችግሩ ምንጭ ስለቱ ቀጥ ያለ፣ አገጭና መንጋጋ ግን ክብ መሆናቸው ነው። ቀጥ ያለ ስለት ክብ ነገር ላይ ሲያርፍ የሚነካው ጠባብ ቦታ በመሆኑ፣ የእጅ ክብደት ሁሉ በዚያች ቦታ ላይ ይከማቻል። ስለሆነም መፍትሔው ምላጩን ከፊት ቅርጽ ጋር ማጠማዘዝ ሳይሆን፣ ቆዳውን በሌላኛው እጅ ወጥሮ ጠፍጣፋ ማድረግ ነው። ምላጩ ከቆዳው ጋር የሚኖረው ማዕዘን 30 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይገባል። ማዕዘኑ ሲሰፋ ቆዳ ይቆረጣል፤ እጅግ ሲጠብ ደግሞ ፀጉሩ ይጎተታል።

በአገጭ ላይ የታችኛውን ከንፈር ወደ ውስጥ በጥርስ ላይ አጥፎ ቆዳውን መወጠርና አጫጭር አድርጎ መላጨት ይመረጣል። የመንጋጋ ጠርዝ ሲሆን ቆዳው ወደ ጉንጭ ተስቦ ከአጥንቱ በላይ እንዲውል ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ከጠርዙ በታች የነበረው ፂም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይወጣል። ለላይኛው ከንፈር የአፍንጫን ጫፍ በጣት ቀና አድርጎ ከንፈሩን ወደ ታች መወጠር ያስፈልጋል። ጫፉ ክብ የሆነ ምላጭ ለዚህ ቦታ ጫፉ ሹል ከሆነው ይሻላል። ማንቁርት ላይ ደግሞ ቆዳው ወደ ጎን ተስቦ ከጉብታው ላይ ሲነሳ ይላጫል፤ ከዚያም በሌላው ወገን ይደገማል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ምላጩን ወደ ጎን ማንሸራተት አይገባም፤ ስለቱ ቆዳውን እንደ ቢላዋ ይሰነጥቀዋልና።

አንገት ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በዚያ የሚበቅለው ፂም አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ስለሚያድግ፣ አረፋ ከመቀባቱ በፊት በጣት ዳብሶ አቅጣጫውን መለየት ያሻል። ከርዳዳ ፀጉር ያላቸው ሰዎች የፂሙን አቅጣጫ ተቃርነው ቆዳቸው እስኪለሰልስ ሲላጩ፣ የተቆረጠው ፀጉር ተመልሶ ወደ ቆዳ ውስጥ በመግባት የሚያሳክክና የሚቆጣ ሽፍታ ያስከትላል። ይህ ችግር በጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ብዙዎች ግን የሳሙናው ወይም የአልኮሉ ጥፋት ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው በፂሙ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ተላጭቶ ጥቂት ሻካራነት ቢቀርበት ይመረጣል፤ ለስብሰባ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ፂሙን ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ በሞቀ ውኃ ማርጠብ ፀጉሩን ስለሚያለሰልሰው፣ በጥድፊያ ሊዘለል የሚገባው ነገር አይደለም። ነባሩ ምላጭም ከመላጨት በፊት በቆዳ መሳያ ላይ ጀርባው እየቀደመ ሊሳል ይገባል። የደነዘዘ ስለት ጫና ስለሚጠይቅ ከተሳለው ይልቅ የሚያቆስል መሆኑ በተግባር የታወቀ ነው።

በእነዚህ አስቸጋሪ ቦታዎች ላይ ለዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። የጉበት ብግነት የሚያስከትለው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት መቆየት እንደሚችል የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። በመሆኑም የማይቀየር ስለት ያለው ምላጭ ለወንድም ቢሆን ሊዋስ አይገባም፤ በአልኮል ጠረግ ማድረጉም ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። በፀጉር ቤት የሚገለገል ሰው አዲሱ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ የማየት መብት አለው። የተሠራበት ግማሽ ምላጭ ደግሞ ወለል ላይ ሳይሆን ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ መጣል ይኖርበታል፤ ማለዳ ቤቱን የሚጠርገው ሠራተኛ እጅም አብሮ ይጠበቃል።