የሚጠወልግ ዕቃ ነጋዴ

በገበያ የሚውል ነጋዴ ሁሉ ዕቃው እንዳይበላሽበት ይሠጋል። ይሁን እንጂ የሥጋቱ መጠን እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። ገብስና ስንዴ የያዘ ሰው ዋጋ የወደቀበት እንደ ሆነ ጐተራውን ዘግቶ የሚመጣውን ገበያ ለመጠበቅ ይችላል፤ ማርም በእንስራው ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ አይጐዳም፤ ቅቤ እንኳ በደንብ ከተነጠረ ወራት ይቈያል። አበባ ሻጭ ግን ዛሬ በባልዲ ውኃ ውስጥ ያቆመው ጽጌረዳ በስንተኛው ቀን አንገቱን እንደሚደፋ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ዐውቆም ሊያስቀረው አይቻለውም። ስለዚህ ለገዢው የሚሸጥለት በእውነቱ ከአበባው ዕድሜ የቀሩትን ቀኖች ነው።

በደብረ ታቦር ከተማ ይህን ንግድ የያዙ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጽፈውም። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ጠባቧ ሱቃቸው ጐራ እያልሁ የነገሩኝን አሳብ፣ በየቤቱ ለሚገኙት አንባብያን ይጠቅማል ብዬ ስለ አመንሁ እነሆ አቀርበዋለሁ።

አስቀድሞ ግን ይህ ንግድ ለአገራችን እንግዳ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በእኛ ደጋ አበባ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ክረምቱ ሲያልቅ የጋይንትና የፋርጣ ሜዳ፣ የጉና ግርጌም ጭምር አደይ አበባ ለብሶ ቢጫ ይሆናል። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ ከዚያ ቀጥፈው ከለምለም ሣር ጋራ እያሰሩ፣ በየደጁ እየዘፈኑ ያቀርባሉ፤ ባለ ቤቱም ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። ያም የሚሰጣቸው ስጦታ ነው እንጂ የአበባው ዋጋ አይባልም፤ እንኳን ዋጋ ሊነጋገሩበት፣ «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ይሣቅበታል። በመስቀልም ደመራው በዚሁ በአደይ አበባ ይሸለማል፤ ከፋይም የለም፣ ተከፋይም የለም።

አባቶቻችን በእርግጥ በገንዘብ ይገዙት የነበረው አንድ አበባ ኮሶ ነው። የሴቴው ኮሶ ዛፍ ቀይ ዘለላ አበባ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያም ተወቅጦና ተበጥብጦ በባዶ ሆድ የኮሶ ትል ላለበት ሰው ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ያለ እርሱ እንዴት ይኖር ነበር? በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል፤ በሚከተለውም መቶ ዓመት የኮሶ አበባ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ለመሸጥ በቅቷል። ዛሬ ብዙ ሥቃይ የሌለበት ክኒን ስላለ፣ ልኩም ያለፈ እንደ ሆነ ሰውን ስለሚጐዳ፣ ማንም በቤቱ እየለካ እንዲጠጣው አልመክርም። ልብ ማለት የሚገባን ግን ይህን ነው፤ ኮሶ የሚሸጠው ደርቆ ነው። ነጋዴውም በአቁማዳ አስሮ ያስቀምጠዋል፤ የወይዘሮዋ ጭንቀት አይደርስበትም።

ለመሆኑ ዛሬ በደብረ ታቦር አበባ የሚገዛው ማን ነው? ወይዘሮዋ ሲመልሱልኝ፣ «መምህር፣ የሱቄን ገቢ የሚወስነው ባሕረ ሐሳብ ነው» አሉኝ፤ ነገሩም እንዳሉት ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በጥር ወር ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል፤ የሙሽራዪቱ እቅፍ አበባ፣ የሚዜዎች አበባ፣ የመኪናው ጌጥ ይታዘዛል። ነነዌ ገብቶ ዐቢይ ጾም ሲከተል ግን ሠርግ የለምና ሱቁ ጭር ይላል፤ ኪራዩ ግን አይጾምም። ፋሲካ ሲውል እንደ ገና ይነቃል። ከዚያም የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ይመጣል። ልጁን ለማስመረቅ ከገጠር የመጣ አባት፣ ከተሜው ሁሉ አበባ ይዞ ሲያይ እርሱም እንዳያንስ ሊገዛ ይገባል። ዋጋውን ሲሰማ ግን ደንግጦ ይቆማል፤ «ይህ እኮ ነገ ይጠወልጋል!» ይላል። ወይዘሮዋ በዚህ አይቈጡም። «እውነቱን ነው የተናገረው። እኔም ነገ ሳይሆን በአምስተኛው ቀን ነው እለዋለሁ» ብለው ይሥቃሉ።

አምስት ቀን መባሉም ከሜዳ የመጣ ቍጥር አይደለም። ጽጌረዳው ከሩቅ ይመጣልና። አገራችን አበባን በብዛት ለውጭ ገበያ ማምረት የጀመረችው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። እርሻዎቹ በሆለታና በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ አካባቢ በላስቲክ ቤቶች ውስጥ ይገኛሉ፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። እንቡጡ ሳይፈታ ተቈርጦ፣ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቶ፣ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይሄዳል። በዚያ በአልስሜር በሚገኘው ታላቅ ጨረታ የአበባ ዋጋ እንደ እኛ አገር ጨረታ ከታች ወደ ላይ አይወጣም፤ ከላይ ጀምሮ እየወረደ ይሄዳል፤ ፈጥኖ ያስቆመው ይገዛዋል። በሚጠወልግ ዕቃ ላይ ብዙ መከራከር ስለማይቻል ይህን ዘዴ ማበጀታቸው ያስደንቃል። ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ በተስፋፋ ጊዜ፣ በዚያው ጨረታ እጅግ ብዙ አበባ ገዢ አጥቶ ተጥሏል።

ለውጭ ያልተመረጠው፣ አገዳው አጠር ያለው፣ ብዙ ጊዜ ለአገር ውስጥ ሱቆች ይቀራል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በአበባ ስም ከሰየሟት ከተማ ተነሥቶ በመኪና ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በወረታ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። በካርቶን ውስጥ ያለ ውኃ የሚጓዝ አበባ በዓባይ በረሓ ሙቀት ምን ያህል እንደሚጐዳ ማሰብ አያዳግትም። አንዴ ከደረሰ ግን ደብረ ታቦር ትረዳዋለች። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ ለተቈረጠ አበባ እንደ መድኃኒት ነው። እኛ ጋቢ የምንደርብበት ብርድ ለወይዘሮዋ ያለ መብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሆኖላቸዋል።

መንገድ የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ብርዱም አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መኪና የቆመባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። እህልና መድኃኒት እንኳ በሚቸግርበት ጊዜ ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ይህች ሱቅ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ መሆንዋ አይዘንጋ።

በአንድ የጥር ወር እንዲህ ሆነ። የሙሽራው ወገኖች ሐሙስ ቀን መጥተው ለእሑድ ሠርግ ጽጌረዳ ጠየቁ። መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር በሱቁ የነበረው የአራት ቀን አበባ ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ያማረ ነበር፤ እንዲያውም የውጪውን ሁለት ሦስት ቅጠል ላጥ ቢያደርጉለት የዛሬ የተቈረጠ ይመስላል። ይህን የንግዱ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ገዢው ግን አያውቀውም። ወይዘሮዋ በዚያ ሳምንት የቤት ኪራይ ይጠብቃቸው ነበር። የሆነ ሆኖ፣ «ይህ እስከ እሑድ አይደርስላችሁም፤ በሥዕለ ቤቱ ፊት ስትነሡ ይረግፋል» አሏቸው። ሰዎቹም አመስግነው ወደ ሌላ ሱቅ ሄደው የፕላስቲክ አበባ ገዙ። ያም ጽጌረዳ በሱቁ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ረገፈ፤ ገንዘቡም አብሮ ሄደ።

«አልቈጭዎትምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አይቈጨኝም፣ መምህር! ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርሁት። ነገር ግን እህል የሚሸጥ ሰው ቢያታልል ገዢው ቤቱ ወስዶ ደግሞ ይሰፍረዋል። አበባ ግን አፍ የለው፣ የተቈረጠበትን ቀን የምናገርለት እኔ ነኝ። እኔ ከዋሸሁ ማን ይነግረዋል?» አሉኝ።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ንግድ ክብደቱ በዚህ ላይ ነው። ሚዛን የሚያብል ነጋዴ ቢያንስ ድንጋዩ ይመሰክርበታል፤ የአበባ ሻጭ ሚዛን ግን በልቡ ውስጥ ነው።

ስለ ፕላስቲኩም አበባ አንዳንድ ነገር ልናገር። ርካሽ መሆኑን፣ ደጋግሞም ማገልገሉን አልክድም፤ ድኻ ሙሽራ ያንን ቢይዝ የሚነቅፈው ሊኖር አይገባም። ወይዘሮዋም ቢሆኑ በአንድ ጥግ ጥቂት ይዘዋል፤ ያለዚያ ዐቢይ ጾምን መሻገር አይቻላቸውም። ነገር ግን በየሳሎኑ አቧራ ለብሶ፣ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቶ፣ ለዐሥር ዓመት «ያበበ» አበባ ሳይ ልቤ አይቀበለውም። በጉና ተራራ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ውርጭ፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። በየአጥሩ የሚበቅለው የአገራችን ጽጌረዳ ቀጋም ነጭ አበባው ቶሎ ይረግፋል፤ በምትኩ ግን እረኞች የሚበሉትን ቀይ ፍሬ ይተካል። ሁለቱም ቢረግፉ የሚተዉት ነገር አላቸው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ጥቂት ምክርም ወይዘሮዋን ጠይቄ ተቀብያለሁ። አበባ ወደ ቤት በገባ ጊዜ የአገዳው ጫፍ በተሳለ ቢላዋ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ይቈረጥ፤ ውኃ የሚጠጣው በዚያ ነውና። በውኃው ውስጥ የሚነከሩት ቅጠሎች ሁሉ ይነቀሉ፤ የበሰበሰ ቅጠል ውኃውን ያገማዋል፣ የገማም ውኃ የአገዳውን ቧንቧ ይደፍናል። ውኃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ማስቀመጫውም እንደ ብርጭቆ በሳሙና ይታጠብ። ብዙ እመቤቶች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፤ አበባን ከበሰለ ሙዝ ወይም ማንጎ አጠገብ ማኖር ፈጽሞ አይገባም። የበሰለ ፍሬ ኢትሊን የሚባል የማይታይ ጋዝ ስለሚያወጣ አበባውን ያለ ጊዜው ያስረጀዋል። በጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ጐን ለጐን አሳምረው የሚያቀርቡ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እየገደለው እንደ ሆነ አያውቁም።

እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ለወይዘሮዋ እጅግ የሚገርመው ወራት ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀኖች ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ስደት በአበባ እየመሰለች ታስባለች፤ አባ ጽጌ ድንግል የደረሰውም ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሲቆም ያድራል። የአበባ ወራት ስለ ሆነ ለአበባ ሻጭ መከር ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሜዳው ሁሉ በነጻ ሲያብብ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ የለም። ወይዘሮዋ በዚህ ወራት ከአዲስ አበባ የሚያስመጡትን በግማሽ ይቀንሳሉ። ቅዳሜም ከሌላው ቀን አስቀድመው ባልዲዎቹን ደፍተው፣ የቀረውን ጽጌረዳ ለጎረቤት ልጆች አድለው፣ ሱቁን ይዘጋሉ፤ ራታቸውን በልተው ጥቂት ካረፉ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማኅሌቱ ይሄዳሉ።