የመጫወቻው መንኰራኵር ከመተከሉ በፊት

በቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ በሚገኙት ሠፈሮች አንድ ባዶ ቦታ በቆርቆሮ በታጠረ ጊዜ፣ በዚያ የሚያልፉ ልጆች ወላጆቻቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «እዚህ ምን ሊሠራ ነው?» ይላሉ። አባት «ሕንፃ ነው» ብሎ ያልፋል፤ እናትም «ቆይተን እናያለን» ትላለች። ልጁ ግን ከጓደኞቹ ዘንድ ሌላ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ የሚሽከረከር ታላቅ መንኰራኵር ሊተከል ነው፣ የውሃ ሸርተቴ ሊሠራ ነው፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቍልቍል የሚወረወረው «ሮለር ኮስተር» የሚባለው ባቡር ከባሕር ማዶ ሊመጣ ነው ይላል። እኛም በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንገልጽ ያሰብነው፣ ይህ ወሬ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ አጥሩ ከመነሣቱ በፊት የሚታወቅበት መንገድ መኖሩን ነው። መንገዱም የግንባታ ፈቃድ ነው።

የከተማችን ልጆች ጨዋታ ከመስክ ኳስና ከዥዋዥዌ አልፎ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደሚንቀሳቀሰው ዓይነት የተሻገረው በቅርብ ዘመን ነው። በቦሌ መድኃኔ ዓለም ፊት ለፊት በተሠራው በኤድና ሞል ውስጥ የሚሽከረከሩ ፈረሶችና እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ትንንሽ መኪናዎች በተተከሉ ጊዜ ብዙ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ቦራ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክም ለብዙ ዓመታት የቦሌ ቤተ ሰቦች መዋያ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መስከረም፣ ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ጳጕሜን፣ የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. መስከረም ተመርቀው ተከፍተዋል፤ በእንጦጦም በገመድ ተንጠልጥሎ በዛፎች መካከል መንሸራተት ተጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ሲያድስ በየዳሩ የልጆች መጫወቻ ስፍራ እየጨመረ ሄዷል። እንግዲህ የመጫወቻ ሥራ እየበዛ በሚሄድበት ዘመን፣ ልጁን በብረት ወንበር ላይ አስሮ ወደ ሰማይ የሚልክ ወላጅ የመሣሪያውን መሠረት ማን እንደ ቈፈረው ቢጠይቅ ነገረኛ ሊባል አይገባውም።

የሕዝብ ወረቀት እያነበቡ የመጫወቻ ግንባታን መከታተል በሌላው አገር ራሱን የቻለ ልማድ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር የመጫወቻ ስፍራ ባለቤት አዲስ ነገር ሊተክል ሲያስብ ዕቅዱን ለአካባቢው ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ሥዕሉን ለሕዝብ ገልጦ የጎረቤቱን አስተያየት ይቀበላል። ቶርፕ ፓርክ የተባለው ስፍራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 «ሃይፔሪያ» ብሎ የከፈተውን፣ ከፍታው 72 ሜትር የሆነውን ሮለር ኮስተር፣ ቀድሞ በፈቃድ መጠየቂያው ላይ «ፕሮጀክት ኤክሶደስ» በሚል ስም ሸፍኖት ነበር። ስሙ ቢሸፈንም የከፍታው ልክና የሐዲዱ አካሄድ በሥዕሉ ላይ ሰፍሮ ስለ ነበረ፣ ወረቀቱን ያነበቡ ሰዎች ከመከፈቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድመው ዐወቁት። አልተን ታወርስ በተባለው በሌላው ስፍራ ደግሞ የሚሠራው ነገር ከዛፎቹ ጫፍ እንዳያልፍ በመወሰኑ፣ በ1994 የተከፈተውን «ኔመሲስ» የተባለ መጫወቻ ሲሠሩ ወደ ላይ መውጣት ቢከለከሉ ዐለቱን እየፈለጡ ወደ ታች ወረዱ፤ ዛሬም ያ ጕድጓድ የመጫወቻው ዋና ውበት ተብሎ ይደነቃል። በአሜሪካም ከ61 ሜትር በላይ የሚቆም ነገር ሁሉ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት፣ የመጫወቻ ወዳጆች የአየር መንገድ ጕዳይ የሚመስለውን ወረቀት እየመረመሩ የሚመጣውን ባቡር ቁመት ይለካሉ።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ሕንፃ የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጎ የተረጐመው ሲሆን፣ ቋሚውንም ጊዜያዊውንም ግንባታ ያጠቃልላል። ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውንና ከ12 ሜትር በላይ የሚቆሙትን ከፍ ባለው በምድብ «ሐ» መደባቸው። በዚያ አዋጅ መሠረት ገንቢው በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት ያገኛል፤ ይህም በዚያ ቦታ ላይ ለታሰበው አገልግሎት መሥራት ይፈቀድ እንደ ሆነ የሚያሳይ ነው። ቀጥሎ በተመዘገቡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የሥነ ሕንፃ፣ የብረትና የኮንክሪት፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ሥራ ፕላን አቅርቦ የግንባታ ፈቃድ ይወስዳል፤ ሥራው በየደረጃው ይመረመራል፤ የምድብ «ሐ» ሕንፃም የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይሰጠው ሕዝብ እንዲገባበት አይደረግም። ከእነዚህ ወረቀቶች ሁሉ ለቤተ ሰብ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ይህ የመጨረሻው ነው። በምረቃው ዕለት ሪባን ሲቈረጥ ሁሉም ያጨበጭባል፤ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ቀን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከመሥሪያ ቤት ሳይደርሱ በአጥሩ ላይ የሚነበብም አለ። በግንባታ ቦታ በር አጠገብ የሚሰቀለው ሰሌዳ የአሠሪውን፣ የአማካሪውንና የተቋራጩን ስም፣ የሕንፃውን አገልግሎትና የፎቁን ብዛት ይናገራል። «ጂ+7 ቅይጥ አገልግሎት» ተብሎ ከተጻፈ ምድር ቤትና ሰባት ፎቅ የሚሠራ መሆኑ ነውና፣ ልጁ ይዞት የመጣው የሮለር ኮስተር ወሬ በዚያው ያበቃል፤ መንኰራኵርና ሐዲድ ፎቅ የላቸውምና። ፎቅ ሳይጠቀስ የመዝናኛ አገልግሎት ብቻ ተጽፎ ከተገኘ ግን፣ ወደ ውስጥ ቀረብ ብሎ ቍፋሮውን ማየት ነው። የሕንፃ መሠረት በቀጥታ መስመር እየተሰለፈ ይሄዳል፤ የሐዲድ ባቡር መሠረት ግን እየተጠማዘዘ የሚሄድ የኮንክሪት ጕቶ ሲሆን፣ ከየጕቶው ላይ ምሰሶውን የሚይዙ ወፋፍራም ቡሎኖች ቆመው ይታያሉ። ለታላቅ መንኰራኵርም ብዙ ኮንክሪት በጥቂት ቦታ ላይ ተከማችቶ ይገኛል።

በቦሌና በምሥራቁ ክፍል ደግሞ ከሌላው ሠፈር ይልቅ በጥብቅ የሚነበብ አንድ ወረቀት አለ፤ እርሱም የአፈር ምርመራ ነው። ብዙው የቦሌ፣ የሲ.ኤም.ሲ.ና የሰሚት ምድር መረሬ የሚባለው ጥቍር አፈር ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ የተሠራ አጥር ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲያዘነብል፣ የጓሮ ደረጃም ከግድግዳው ሲለይ ያላየ የሠፈሩ ነዋሪ የለም። አጥር ቢያዘነብል ይደገፋል፤ በፍጥነት የሚሮጥ ባቡር የተሸከመ ሐዲድ ግን አንዱ ምሰሶ በጥቂት ጣት ቢነሣና ሌላው ቢሰምጥ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ መረሬውን ጠርጎ አውጥቶ እንደ ሆነ፣ ወይም መሠረቱን ከታች ካለው ጽኑ ምድር አድርሶ እንደ ሆነ የሚነግረን የአፈሩ ምርመራና የመሠረቱ ፕላን ነው። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰውን ከፎቅ ያስወረደ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል።

ቁመቱን በተመለከተ የቦሌ ሰማይ ባለቤት አለው። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ እንደ ቦሌ ላለው ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ፣ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ባለው ዙሪያ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር ሽቅብ የታሰበ አንድ ጠፍጣፋ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያም ጣሪያው በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር እያደገ ይሄዳል። ከዚህ ጣሪያ የሚያልፍ ነገር ለበረራ እንቅፋት እንዳይሆን ሳይጠና አይቆምም። ልኬቱ የሚነሣው ከማረፊያው ከፍታ እንጂ ከቦታው መሬት ስላልሆነ፣ ጕብታ ላይ ያለ መሬት የሚቀርለት ቁመት ከዚያም ያንሳል። ለንደን ከተማ ባለ 135 ሜትር መንኰራኵር አላት፤ እንዲህ ያለው በቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ይተከላል የሚል ወሬ ቢሰማ ግን፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሰጠው የከፍታ ፈቃድ ሳይታይ ባይታመን ይሻላል።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ስለ መሠረት፣ ስለ ምሰሶና ስለ ቁመት ነው። የግንባታ ፈቃድ ግን ዝም የሚልበት ስፍራ አለው፤ ስለሚሽከረከረው መሣሪያ፣ ስለ ማሰሪያው ቀበቶ፣ ስለ ፍሬኑና ስለሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ አይናገርም። በሰኔ ወር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአልተን ታወርስ «ስማይለር» የተባለው ሮለር ኮስተር ሰው የጫነውን ባቡር ቆሞ ከነበረ ባዶ ባቡር ጋር አጋጭቶ 16 ሰዎች ቈሰሉ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ። መሠረቱ አልተናጋም፤ ምሰሶውም አልወደቀም። አደጋው የደረሰው መንገዱ አልተለቀቀም ብሎ ያቆማቸውን መሣሪያ ሠራተኞቹ አልፈው ባቡሩን ስለ ለቀቁት ነው። ፍርድ ቤትም በ2016 ባለቤቱን ኩባንያ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት 51 ሜትር ያህል ከፍታ በነበረው የውሃ ሸርተቴ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሞተ፤ የግዛቱ ሕግ እስከዚያ ድረስ ምርመራውን ለመጫወቻው ባለቤት የተወ ስለ ነበረ፣ በ2017 ተሻሽሎ ባለሙያ መርማሪ እንዲያየው ታዘዘ።

ስለዚህ ወላጅ ሁለት ወረቀት ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አንደኛው ከላይ የተናገርነው የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን የሠራው ፋብሪካ የሰጠው ማስረጃና መሣሪያው ከተተከለ ወዲህ ማን፣ መቼ እንደ መረመረው የሚያሳየው መዝገብ ነው። ለመጫወቻ መሣሪያዎች ደኅንነት 17842 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቷልና፣ «መሣሪያው በየትኛው ደረጃ ነው የተሠራው?» ብሎ መጠየቅ የመሐንዲስ ብቻ ሥራ አይደለም። በተለይ ከሌላ አገር አገልግሎ የመጣ መሣሪያ ሲሆን የቀድሞ የጥገና መዝገቡ አብሮት መምጣት አለበት፤ ቀለም መቀባት ለብረት ዕድሜ አይጨምርለትም።

በመሥሪያ ቤት በኩል ያሉት አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ «ወረቀቱን ለመጣ ሁሉ እናሳይ ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቍጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገኘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ አዟል። የሌላ ሰው የንግድ ምስጢር የሆነውን ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ሆኖም ፈቃድ መሰጠቱን፣ የተሰጠበትን ቀን፣ የአገልግሎቱን ዓይነትና የቁመቱን ልክ መንገር ማንንም ምስጢር አያስወጣም ብለን እናምናለን። መልስ የተነፈገ ሰው አቤቱታውን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።

በምሥራቁ ክፍል የሚኖሩ አንድ ነገር ልብ ቢሉ ይበጃቸዋል። የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጀመረን ሥራ የሚከታተል ሰው የቦታው ፋይል ቀድሞ በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደ ነበረ ቢጠይቅ ብዙ ምልልስ ይቀርለታል። ጥያቄውም በቃል ከሚሆን በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የቦታውን ልዩ ስምና በሰሌዳው ላይ የታየውን የፈቃድ ቍጥር ገልጦ፣ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስመዝግቦ፣ ማኅተምና ቍጥር ያረፈበትን ግልባጭ ይዞ መመለስ ነው፤ 30ው ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነውና።