ያውቁ ኖሯል? ቡችላ ብቻውን ስንት ሰዓት ይቆያል?

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ በጠዋት ወጥተው አዲስ አበባ ሥራ ውለው ማታ ለሚመለሱ፦

• ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው በግምት በዕድሜው ልክ ነው፤ የ3 ወሩ 3 ሰዓት ያህል። ቀኑን ሙሉ አይዘጋበት፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያስወጣው ጎረቤት ወይም የቤት ሰው ይኑር።

• የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ስለዚህ የሚተኛበት ሳጥን ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ ይብቃው። መጀመሪያ በሩን ክፍት ትተው ምግቡን እዚያው ይስጡት፤ ለቅጣት ግን ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

• ሰውንና ድምፅን በደንብ የሚላመደው በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። ያኔ በሰንሰለት ታስሮ ከዋለ ፈሪ ወይም ተናካሽ ሊሆን ይችላል።

• የሱሉልታ ሌሊት ብርቱ ብርድ አለው፤ ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርገው ደረቅ ገለባ ያንጥፉበት።

• 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት።