የሰሞን ታማኝነት

በፈተና ሰሞን በትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በማለዳ በተማሪዎች ይሞላል። አንዱ በሩን ይሳለማል፤ ሌላው ደብተሩን በብብቱ እንደ ያዘ ይሰግዳል፤ ሁሉም «ይህን ብቻ አሳልፈኝ እንጂ» እያለ ስለት ይሳላል። ውጤት በተነገረ በሳምንቱ ግን፥ በዚያው ሰዓት ከጥቂት አሮጊቶችና ከነዳያን በቀር በደጁ የሚታይ ሰው የለም። እኔም መምህር ነኝና ይህን እያየሁ በልጆቹ እስቅ ነበር። ሣቄን ያቆምሁት የራሴን መዝገብ በገለጥሁ ጊዜ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ በጠና ታመመች። «እናቴን ከማርህልኝ ለገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ፤ ረቡዕንና ዓርብንም ሳላፈርስ እጾማለሁ» ብዬ ተሳልሁ። እናቴም ዳነች። ሦስት ወር ያህል ጾምሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ረቡዕ ከጓደኞቼ ጋራ ለምሳ ተቀመጥሁና ጾሙ በዚያው ቀረ። የጃንጥላው ገንዘብም ለጫማ ዋለ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ይህ የሰው ጠባይ ዛሬ የመጣ አይደለም። ነቢዩ ሆሴዕ የወገኖቹን ፍቅር በማለዳ ጉምና ቶሎ በሚጠፋ ጤዛ መስሎታል። ከሐዋርያት ፊተኛው ጴጥሮስ እንኳ፥ ከጌታው ጋራ እስከ ሞት ድረስ እንደሚሄድ በተናገረበት በዚያው ሌሊት፥ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት ሲሞቅ ሳለ በአንዲት ገረድ ጥያቄ ደንግጦ ካደ። ሰይፍ የመዘዘበት አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ የካደው በተራ ሰዎች ፊት ነው።

ይሁን እንጂ ጴጥሮስን ከይሁዳ የለየው አለመውደቁ አይደለም። ሁለቱም ወድቀዋል፤ ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ ጸጸቱን ይዞ ወደ ገመድ ሄደ፤ ጴጥሮስ ግን ዕንባውን ይዞ ከወንድሞቹ ጋራ ቆየ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፥ እንደገና በፍም እሳት አጠገብ፥ ጌታው ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሦስቱ ክሕደት በሦስት ምላሽ ተሻረ። እንግዲህ በመካከላቸው የጸናው የሰውዬው ቃል ሳይሆን የጠራው የእግዚአብሔር ታማኝነት ነው።

የዚህን ሐዋርያ ስም የያዙት አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው ተሾሙ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፥ አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። አንዲት ቃል ሕይወታቸውን ልታድን ትችል ነበር። እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ድንጋዩ ለጊዜው ተነሣ፤ ቃላቸው ግን አልተነቃነቀም።

እንዲህ ያለው ጽናት በዚያች ቀን ብቻ የተገኘ አይመስለኝም። ማንም ሳያይ በየዕለቱ የተጠበቀ ትንሽ ቃል ተጠራቅሞ በጭንቅ ቀን ስንቅ ይሆናል። ረቡዕን ያልጠበቀ ሰው ሐምሌ 22ን እንዴት ይጠብቃል? ስለዚህ ስንሳል የምንችለውን ብቻ እንሳል፤ ስንወድቅም ከኀፍረት የተነሣ አንሽሽ፤ ወደ ንስሐ አባታችን ፈጥነን እንመለስ።

ባለፈው ወር እናቴ ቡና እየቀዳች፥ «ልጄ፥ ያ ስለትህ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። አቀረቀርሁ።

«እኔስ ነገሩ ገብቶኛል» አለች። «በየወሩ በ19 ጧፍ እያበራሁ፥ ‹ልጄ እስኪመጣ ታገሥልኝ› እለዋለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ ዕዳ ስትለምን ኖራለች! በዚያው ሳምንት ጃንጥላውን ገዝቼ ከእርስዋ ጋራ ሄድሁ፤ ጾሙንም እንደገና ጀምሬአለሁ፤ ከእንግዲህ እንዳላፈርሰው ግን በራሴ አልተማመንም።

ዘንድሮ በፈተና ሰሞን በተማሪዎቼ አልስቅም። ውጤት ከተነገረ በኋላ፥ ደጁ ባዶ በሚሆንበት ሳምንት፥ አንድ ሁለቱን ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ።