መዝገብ ሲጠብቅ ደርቆ የሚቀር ማሽን፦ መቆላለፍ ምንድን ነው? እንዴትስ ይከለከላል?

ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ገንዘብ ያዡ የሣጥኑን ቁልፍ ይዟል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዟል። ገንዘብ ያዡ «በመዝገብ ሳይሰፍር ሣጥን አልከፍትም» ይላል። ጸሐፊው ደግሞ «ገንዘቡ ሲወጣ ሳላይ አልጽፍም» ይላል። ሁለቱም ደንብ አክባሪዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አላጠፉም። ሆኖም ከሐዘንተኛው ደጅ ድንኳን ሳይተከል ይመሻል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሁኔታ «ዴድሎክ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ መቆላለፍ ብንለው ይስማማል።

ጉዳዩ ከከተማ ቢሮ የራቀ አይደለም። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታና አዲስ ዘመን ድረስ በአርሶ አደሩ ኪስ የሚገኙት የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ በውስጣቸው ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ይዘዋል። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ማኅደረ ትውስታውን፣ ባትሪውን፣ ስክሪኑንና ኔትወርኩን ለመተግበሪያዎች የሚያደላድለው እርሱ ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ በ1991 የጀመረው ይህ ሥራ ዛሬ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችን ያንቀሳቅሳል።

ከርነል ሥራውን ሲሠራ ያየውን ይጽፋል። የማከማቻ ካርድ አልነበብ ሲል፣ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ፣ አንድ መሣሪያ ጥሪ አልመልስ ሲል መልእክቱን «ፕሪንትኬ» በሚባል መንገድ በመዝገቡ ያሰፍራል። የዛሬ ስልኮች ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ሊጽፉ ይችላሉ። ጽሑፋቸው እንዳይደበላለቅ መዝገቡ ቁልፍ ተበጀለት፦ ቁልፉን የያዘ ይጽፋል፤ ሌላው ይጠብቃል። ችግሩ የሚወለደውም ከዚሁ ጥንቃቄ ነው።

እ.ኤ.አ በ1971 ኤድዋርድ ኮፍማንና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ መቆላለፍ የሚደርሰው አራት ነገሮች ሲገናኙ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ዕቃው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን፣ አንዱን የያዘ ሌላውን የሚጠብቅ፣ የተያዘውን ማንም በግድ የማይነጥቅ፣ ጥበቃውም ክብ ሠርቶ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ሲሆን ነው። ከአራቱ አንዱ ከተነሣ መቆላለፍ የለም።

በከርነል መዝገብ ላይ የሚደርሰው ግን ከዕድሩም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ብቻውን ራሱን ሊቆልፍ ይችላል። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ በአንድ መስመር እኩሌታ ላይ ሳለ ጥሩምባ ነፊው ደርሶ «ሁሉን ትተህ ይህን አዲስ መርዶ አስቀድመህ ጻፍ» አለው እንበል። ደንቡ መዝገቡ ሥራ ላይ ከሆነ እስኪለቀቅ መጠበቅ ነው። የሚለቀቀው ደግሞ የጀመረውን መስመር ሲጨርስ ነው፤ አዲሱን ሳይጽፍ ወደ ጀመረው እንዳይመለስ ታዝዟል። እንግዲህ ራሱን ሲጠብቅ ይኖራል። በፕሮሰሰር ውስጥም ማንም ሊከለክለው የማይችል አስቸኳይ ጥሪ አለ፤ ጥሪው ቁልፉ በተያዘበት ቅጽበት ደርሶ መልእክት ልጻፍ ካለ ያ የፕሮሰሰር ክፍል በዚያው ይቆማል። የሚያሳዝነው፣ ማሽኑ የሚሞትበት ምክንያት ከመጻፉ በፊት መሞቱ ነው።

መፍትሔው አንድ አልነበረም። ቀላሉ የቁልፍ ተራ መወሰን ነው፦ ሁልጊዜ አስቀድሞ መዝገብ፣ ቀጥሎ ሣጥን። ይህን ተራ ማን እንደሚጥስ የሚከታተል «ሎክዴፕ» የተባለ መቆጣጠሪያ በኢንጎ ሞልናር ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2006 ወደ ሊኑክስ ገብቷል፤ መቆላለፉ ሳይደርስ፣ ሊደርስ የሚችል መሆኑን ብቻ አይቶ ያስጠነቅቃል። ሌላው መንገድ አለመጠበቅ ነው። መዝገቡ ከተያዘ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ማኖር፣ በኋላ መገልበጥ። ከርነሉ ለዓመታት በዚህ ዘዴ ኖሯል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ቁልፉን ጨርሶ ያስወገደው ነው። ጆን ኦግነስ የተባለ ባለሙያ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2020 በወጣው የሊኑክስ 5.10 ስሪት የገባው መዝገብ፣ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ አስቀድሞ የራሱን መስመር ይመድባል። በመካከል የተጠራ ሰው የጀመረውን መስመር ትቶ ቀጣዩን ይይዛል፤ ተመልሶም የራሱን ይጨርሳል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። መዝገቡ እንደ አውድማ በሬ ዙሪያውን ስለሚሽከረከር ሲሞላ ከጥንቱ መልእክት ጀምሮ በአዲስ ይተካል።

ከዚያም መጻፍና ማሰማት ተለያዩ። ለባለሙያው መልእክቱን የሚያሳየው ኮንሶል ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ 115,200 ቢት በሚያስተላልፍ ሽቦ 80 ፊደል ያለው አንድ መስመር ሰባት ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ለሰው ቅጽበት ነው፤ ለፕሮሰሰር ግን ሚሊዮኖች ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 መጨረሻ በወጣው 6.12 ስሪት፣ ማሰማቱን ለብቻው የሚይዝ ሠራተኛ ለኮንሶሎች ተዘጋጀ። ሃያ ዓመት ገደማ የፈጀው፣ ሊኑክስን ሰዓት ለማያሳልፉ ማሽኖች ብቁ የማድረግ ሥራም በዚሁ ስሪት ወደ ዋናው ሊኑክስ ተጠቃሏል፤ ለረጅም ጊዜ ካዘገዩት አንዱ ይኸው የመዝገብ ጉዳይ ነበር።

መዝገብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አገራችን በመጋቢት 2016 ዓ.ም አይታለች። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በዓርብ ምሽት መጋቢት 6 የደረሰው ችግር ከመቆላለፍ ጋር የተያያዘ ነው አልተባለም፤ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ያወጡበት ነበር። ባንኩ ማን ምን እንደወሰደ ለይቶ ያስመለሰውና ያልመለሱትን በስም ያወጣው በተጻፈ መዝገብ ነው።

ስልክዎ ክፍያ እየላከ ደርቆ ቢቀር፣ የከርነሉ መዝገብ በስልክዎ ውስጥ ያለ ሲሆን የገንዘብዎ መዝገብ ግን በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ይገኛል። ስለዚህ የማብሪያ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ተጭነው ስልኩን ካስነሡ በኋላ፣ ገንዘቡን ደግመው ከመላክዎ በፊት ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ፤ በቴሌብር ከሆነ *127# ደውለው ማየት ይቻላል። ደጋግሞ የሚደርቅ ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማከማቻው የሞላ ወይም ባትሪው ያረጀ ነው እንጂ መቆላለፍ አይደለም። የእርስዎ ስልክ የትኛውን ከርነል እንደያዘ ለማወቅ በቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ቁጥሩ ከ5.10 በታች ከሆነ መዝገቡ አሁንም በአሮጌው ቁልፍ የሚሠራ ነው።