የሚሽከረከር ነገር ግን የማይነሳ ሞተር፦ የናፍጣ መኪና ካንዴሌታ ምርመራና ቅያሪ



ርዕሱን የመረጥኩት ከአንድ የምናውቀው ልማድ ተነስቼ ነው። በመቱም ሆነ በጎሬ አመሻሽ ላይ አንዳንድ የናፍጣ መኪኖች ፊታቸውን ወደ ቁልቁለት አዙረው ሲቆሙ ታያላችሁ። ሾፌሩ ጠዋት ሞተሩ በቁልፍ እንደማይነሳለት ስለሚያውቅ ተንደርድሮ በማርሽ ለማስነሳት ከወዲሁ መዘጋጀቱ ነው። ይህ ብልሃት ለጊዜው ይሠራል። ነገር ግን ምጥ የያዛትን እናት ለማድረስ በሌሊት የሚጠራ መኪና ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ አያድርም።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመልከት። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አያቀጣጥልም፤ አየሩን አምቆ ያሞቀዋል፣ ነዳጁም በዚያ ሙቀት ይቀጣጠላል። የላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ዋን ኤች ዜድ ሞተር አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ያምቃል። 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር ወደ ሲሊንደሩ ገባ እንበል። ሙቀት ብዙ ሳይባክን ቢታመቅ፣ ማለትም የፖሊትሮፒክ አርቢው 1.35 ቢሆን፣ አየሩ 560 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሞተሪኖውም በዝግታ እያዞረው አርቢው ወደ 1.2 ቢወርድ ግን የሚደርሰው 250 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሙቀት ናፍጣው በሚሰጠው አጭር ጊዜ ውስጥ አይቀጣጠልም፤ ተንኖ በጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎሬ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ የታመቀው አየር ስስ ይሆናል፤ ማቀጣጠሉም የበለጠ ይዘገያል።

ካንዴሌታ ይህንን ጉድለት ይሞላል። ጫፉ በኤሌክትሪክ ግሎ በሰከንዶች ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ከቅድመ ማቀጣጠያው ክፍል ውስጥም የጋለ ነጥብ ይፈጥራል። በተለይ ቅድመ ክፍል ያላቸው ሞተሮች የግድግዳቸው ስፋት ሙቀት ስለሚሰርቅባቸው ያለ እርሱ በብርድ መነሳት ይቸግራቸዋል።

ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ጠዋት አልነሳ ብሎ ሁለት ጊዜ ባትሪ ተቀይሮለት ወደ እኔ መጣ። ሞተሪኖው ያለምንም ድካም ያሽከረክራል፤ ከኋላ ነጭ ጭስ ይንቦለቦላል። ከስድስቱ ካንዴሌታዎች አራቱ ሞተው ነበር። ሁለት ባትሪ ያስገዛው ስህተት አንድ ጥያቄ አለመጠየቅ ነው፦ ሞተሩ የማይነሳው በዝግታ ስለሚዞር ነው ወይስ በፍጥነት እየዞረም? በዝግታ ከሆነ ባትሪውን፣ ገመዱንና ሞተሪኖውን ፈትሹ። በፍጥነት እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ወደ ካንዴሌታው ሂዱ። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ነዳጁ አልደረሰም ማለት ነው።

ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ቦታ አዙራችሁ በካንዴሌታዎቹ ራስ ላይ ቮልቴጅ ለኩ። ምንም ከሌለ ጥፋቱ ከፊውዙ፣ ከሪሌዩ ወይም ከሰዓት መቆጣጠሪያው ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ምልክት መብራቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በብዙ የቆዩ መኪኖች እርሱ ጊዜ ይቆጥራል እንጂ ካንዴሌታው መጋሉን አያውቅም። ሁለተኛ፣ ካንዴሌታዎቹን የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ አውልቁ። ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ካንዴሌታዎቹ በትይዩ የተገናኙ በመሆናቸው እያንዳንዳቸው 1.2 ኦም ቢሆኑ ስድስቱ በአንድነት 0.2 ኦም፣ አንዱ ሲሞት ደግሞ አምስቱ 0.24 ኦም ይሆናሉ። ተራ ቴስተር ይህን ልዩነት አይለይም። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱን ተቃውሞ ከራሱ እስከ ሞተሩ አካል ለኩ፤ አስቀድማችሁ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የገመዶቹን ተቃውሞ ቀንሱ። ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ኦም ያሳያል፤ የተቃጠለው ወሰን የለሽ ይሆናል። በእኛ ዝናባማ አካባቢ የዘንጉና የራሶቹ ዝገትም ጤነኛውን ካንዴሌታ የሞተ ሊያስመስል ስለሚችል አጽድታችሁ ለኩ።

ቅያሪው ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ዙሪያውን ጭቃ በአየር አጽዱ፤ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት አፍስሳችሁ ጠብቁ፤ ሞተሩም ለብ ያለ ይሁን። ከጠበቀ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ አላሉት። እኔ ራሴ በችኮላ አንዱን ሰብሬ ቴስታታ እስከማስወረድ ደርሻለሁ፤ አሥር ደቂቃ ለመቆጠብ ሁለት ቀን ከፈልኩ። የወጣውን ጫፍ አስተውሉ። ካበጠ ወይም ከቀለጠ ካንዴሌታውን ብቻ መቀየር በቂ አይደለም፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ የተዛባ የነዳጅ መርጫ ጊዜ ወይም የበዛ ቮልቴጅ አዲሱንም ያቃጥለዋል። አዲሱን ስትገዙ ቮልቴጁን አመሳክሩ፦ ባለ 12 እና ባለ 24 ቮልት፣ ከዚያም ያነሰ የሚጠቀሙ አሉ፤ መልካቸው ግን ይመሳሰላል። በእጃችሁ አስገቡት፤ ከዚያ በአምራቹ መመሪያ መሠረት አጥብቁ። ለብዙዎቹ ባለ 10 ሚሊሜትር ጥርስ ካንዴሌታዎች ይህ ከ10 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቀላል ኃይል ነው።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። ካንዴሌታ ባለው ሞተር አየር ማስገቢያ ላይ ኤተር አትርጩ፤ በጋለው ጫፍ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድም መኪናውን ያሳጣል። የቁልቁለቱ ልማድ የሾፌሩን ብልሃት ያሳያል፤ የእኛን የምርመራ ድክመትም ያጋልጣል። ቴስተር ይዛችሁ ዘንጉን ካወለቃችሁ ግን መኪናው ደልዳላ ሜዳ ላይም ያድራል፣ ሌሊት ሲጠሩትም ይነሳል።